ለጋራ የአትክልት ቦታ የዘር ማስቀረትና የወቅት ማራዘም ሥልጠና፦ ምን፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «24 አባላት ሆነን 12 መደብ በጋራ እናለማለን። ለአባላቱ ዘር ስለ ማስቀረትና የማምረቻ ወቅቱን ስለ ማራዘም የአንድ ቀን ሥልጠና አስበናል። ባለፈው ዓመት በራሳችን ሞክረን ሦስት ነገር ተበላሸብን። ከዝኩኒ ያስቀረነው ዘር ሲበቅል ፍሬው ከእናቱ አልመሰለም፤ አንዱማ እንደ ሬት የመረረ ነበር። የቲማቲሙ ዘር ጠርሙስ ውስጥ ሻገተ። ለዘር የተውነውን ሰላጣ ደግሞ ሳይደርስ ውርጭ መታው። ምን እናስተምር?»

መልስ፦

ከመራራው ዝኩኒ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያርና ዘመዶቻቸው ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ የማዘጋጀት ተፈጥሮ አላቸው። ለምግብ የምናለማቸው ዝርያዎች ሰው ለብዙ ትውልድ ሲመርጥ ይህ ባሕርይ የጠፋባቸው ናቸው። ለጌጥ ከሚተከሉት ትንንሽ ዱባዎች ወይም ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር ሲዳቀሉ ግን ምሬቱ ይመለሳል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም፤ ጥቂት የበላ ሰው እንኳ ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ራሳችሁ ካስቀራችሁት ዘር የበቀለውን ዝኩኒ ሁሉ ከማብሰላችሁ በፊት ጥሬውን ትንሽ ቆርጣችሁ በምላስ ጫፍ ቅመሱ። ከመረረ ተፍታችሁ ጣሉት። የዚያ ዓመት ዘር ከተረፈ ደግሞ ሁሉንም ጣሉ፤ ከጣፋጩ ፍሬ የወጣውም ቢሆን አይተርፍ። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ፤ ሥልጠናችሁም ከዚህ ነጥብ ቢነሣ ጥሩ ነው።

የምንበላው የፍሬ ሥጋ የእናቲቱ አካል ነው። አባቱ ማንም ይሁን ማን የዚያ ዓመት ፍሬ መልኩም ጣዕሙም እንደ እናቱ ይሆናል። ድቅሉ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው፤ የሚታየውም ዘሩ ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ «ፍሬው ጥሩ ስለነበር ዘሩም ጥሩ ነው» የሚለው ፍርድ ለዚህ ቤተሰብ አይሠራም። ንብ ከመደቡ አልፋ ከጎረቤት አበባ ብናኝ ይዛ ስትመጣ ማንም አያያትም። ዝኩኒና አብዛኞቹ የጌጥ ዱባዎች ደግሞ ኩኩርቢታ ፔፖ የሚባል የአንድ ዝርያ ልጆች በመሆናቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ። ትልልቆቹ ዱባዎች ብዙውን ጊዜ ኩኩርቢታ ማክሲማ ወይም ኩኩርቢታ ሞስቻታ ናቸው፤ ከፔፖ ጋር መዳቀላቸው ብርቅ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ይህን ስም ማንበብ መልመድ ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሊሆን የሚችል ምክንያት መጀመሪያ የገዛችሁት ዘር ራሱ ዲቃላ መሆኑ ነው። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ካለ ሁለት የተለያዩ ወላጆችን ሆን ብሎ በማዳቀል የተገኘ ነው፤ ልጆቹ በየፊናቸው ይበታተናሉ። አይመርዝም፣ አይጎዳም፤ ግን ያንኑ ፍሬ መልሶ አይሰጥም። ለዘር የሚሆነው በነፃ የሚራባ፣ እንደ እናቱ የሚወጣ ዝርያ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው። አንድ ቀን አይበቃም፤ ችግሩም የሰዓት ማነስ አይደለም። ቲማቲሙ በቀላበት ቀን የሰላጣው ዘር ገና አልደረሰም፤ የዝኩኒው አበባ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። በአንድ ቀን ልታስተምሩ የምትችሉት ሥዕልና ወሬ ብቻ ነው። በአራት አጭር ዙር ከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። ቀኑን ተክሉ ይወስነው፦ አንዱ ከመዝራት በፊት፣ አንዱ ዝኩኒው ሲያብብ፣ አንዱ ቲማቲሙ ሲቀላ፣ አንዱ ሁሉም ደርቆ ከተሰበሰበ በኋላ።

የወቅት ማራዘሙን ለብቻው ርዕስ አታድርጉት። ዘር ማስቀረት ማለት ተክሉን ለምግብ ከሚደርስበት ቀን አልፎ መደብ ላይ ማቆየት ስለሆነ ዘር የሚፈልግ ሰው ወቅት ማራዘም ግድ ይለዋል። ሰላጣ ለመብላት 50 ወይም 60 ቀን ይበቃዋል፤ አገዳ አውጥቶ፣ አብቦ፣ ዘሩ እስኪበስል ግን ሌላ ሁለት ወር ገደማ ይጨምራል። ኪያር ለጋ ሳለ የሚቀጠፍ ነው፤ ለዘር ግን ፍሬው ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ እስኪለሰልስ አንድ ወር ከዚያም በላይ ሐረጉ ላይ መቆየት አለበት። የቦሎቄ እሸት ከተቀጠፈበት ቀን አንስቶ ቆባው ደርቆ እስኪንኳኳ ስድስት ሳምንት አካባቢ ነው። ሰላጣችሁን ውርጭ የመታው ለዚህ ነው፦ የዘራችሁት ለመብላት በሚሆን ቀን እንጂ ለዘር በሚሆን ቀን አልነበረም።

የመጀመሪያው ዙር፦ ምን ለዘር ይያዝ?

ለጀማሪ ቡድን አራት ሰብል በቂ ነው፦ ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ አተርና ሰላጣ። አራቱም አበባቸው ሳይከፈት ወይም ሲከፈት ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸው። ሁለት ዝርያ ካላችሁ በ3 ሜትር ርቀት፣ የተሻለ ጥንቃቄ ከፈለጋችሁ በ6 ሜትር ለያዩአቸው፤ በመሃል ሌላ የሚያብብ ነገር ትከሉ። ባቄላን ከቦሎቄ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩት፤ ባቄላን ንብ በደንብ ታዳቅለዋለች።

ቃሪያ መሃል ላይ ያለ ነው። ራሱን ያዳቅላል፣ ንብም ታዳቅለዋለች። የሚያቃጥለውና የማያቃጥለው ጎን ለጎን ከበቀሉ በሚቀጥለው ዓመት «ጣፋጭ» ብላችሁ የሰጣችሁት አንዳንዱ አፍ ያቃጥላል፤ ማቃጠሉ የበላይ፣ ማለትም ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ ባሕርይ ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ከታች ስለ መሸፈኛ ስናወራ እመለስበታለሁ።

በቆሎ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሽንኩርት በመጀመሪያው ዓመት ይቅሩ። ከባድ ስለሆኑ ሳይሆን 12 መደብ ስለማይበቃቸው ነው። በቆሎን ነፋስ ከመቶ ሜትሮች ርቀት ያዳቅለዋል፤ ደግሞም ከ100 ያላነሰ ተክል ካልተያዘለት ከትውልድ ትውልድ እየከሳ፣ እያጠረ፣ ፍሬው እየሳሳ ይሄዳል። ጎመንና ካሮትም ከጥቂት ደርዘን ተክል በታች ዘር ቢያዝላቸው ይዳከማሉ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በዚያ ላይ ከማበባቸው በፊት ለሳምንታት የሚቆይ ብርድ ይሻሉ፤ ዘራቸውን የምታገኙት በሁለተኛው ዓመት ነው። ራሳቸውን ለሚያዳቅሉት ግን 6 የሰላጣ ወይም የቲማቲም ተክል ይበቃል፤ ለቦሎቄና ለአተር 20 ያህል ያዙ።

ለዘር የሚሆነው ተክል የሚመረጠው ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ከተረፈው ላይ መልቀም አይደለም። የተለመደው ጥፋት ይህ ነው፦ ቆንጆው ይበላል፣ የከሳውና የዘገየው «ለዘር ይሁን» ተብሎ ይተዋል። በሰላጣ ላይ ውጤቱ ይከፋል፤ ቶሎ አገዳ ያወጣው ተክል ቶሎ ዘር ስለሚሰጥ ሰዉ ከእርሱ ይሰበስባል። እንዲህ በተደረገ ቁጥር የምትመርጡት ቅጠል ሳይሰጥ የሚያብብ ሰላጣን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት አገዳ አውጪዎች ነቅላችሁ ብሉ፤ ዘር ዘግይተው ካበቡት ውሰዱ። የተመረጠውን ተክል ቀይ ክር አስሩበት፤ 24 ሰው በሚገባበት ቦታ ምልክት የሌለው ዘር ከሰው እጅ አያመልጥም። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ፣ የተጨማደደ ወይም የቀነጨረ ተክል ለዘር አይሁን። የሰላጣና የቦሎቄ የሞዛይክ ቫይረስ በዘር ይተላለፋል።

ሁለተኛው ዙር፦ አበባውን በእጅ ማዳቀል

ይህ ዙር ምሽትና ማለዳ ነው፤ አባላቱ ቢያጉረመርሙም አማራጭ የለውም። ዝኩኒ አበባውን የሚከፍተው ማለዳ ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ንብም የምትመጣው ያኔ ነው።

ምሽት ላይ ነገ የሚከፈተውን አበባ ፈልጉ፤ ጫፉ ከአረንጓዴነት ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ዞሮ ግን እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ያለ ነው። ሴቴዋ ከሥሯ ጣት የምታክል ዝኩኒ አላት፤ ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ብቻውን ይቆማል። አንድ ሴቴና ሁለት ወይም ሦስት ወንዴ አበባ ምረጡ። ወንዴዎቹ ከዚያው ዝርያ፣ ከተቻለ ከሌላ ተክል ይሁኑ። የሁሉንም ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ጠቅልላችሁ እሰሩ። ሲነጋ ወንዴውን ከነዘንጉ ቆርጣችሁ ቢጫውን የአበባ ቅጠል ላጡት፤ መሃሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ የለበሰ ዘንግ ይቀራል። ሴቴዋን ፈትታችሁ መሃሏ ያለውን፣ በክፍል በክፍል የተከፈለውን ተጣባቂ አናት በዚያ ዘንግ ዙሪያውን ቀቡ። አንዱ ክፍል ብቻ ከተቀባ ፍሬው በአንድ ጎን ያብጣል፣ ዘሩም ያንሳል። እየሠራችሁ ሳለ ንብ ከገባች ያንን አበባ ተዉት፤ ከየት እንደመጣች አታውቁም። ስትጨርሱ የሴቴዋን አበባ መልሳችሁ በፕላስተር ዝጉ፤ የፍሬው እጀታ ላይ ደግሞ ላላ ያለ ክር እሰሩ፤ እጀታው ስለሚወፍር የጠበቀ ክር ይቆርጠዋል።

ሁሉም አይይዝም፤ ብዙው ይረግፋል። የሚረግፍበት አንዱ ምክንያት ተክሉ ሌላ ፍሬ እያሳደገ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አበቦች ላይ ሥሩ፤ ቀድሞ የያዘ ፍሬ ካለ ቀጥፋችሁ ብሉት። የያዘው ፍሬ እንደ ዘር ዝኩኒ ይደግ፦ ትልቅ፣ ቅርፊቱ ጥፍር የማይበሳው። ከተቆረጠ በኋላም ሳይሰነጠቅ ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በጥላ ይቀመጥ፤ ዘሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሞላል።

ሦስተኛው ዙር፦ የቲማቲሙ ዘር ለምን ሻገተ?

እዚህ ላይ ሁለት ሻጋታ አለ፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ይፈለጋል፣ ሁለተኛው ይገድላል።

የቲማቲም ዘር ዝልግልግ ባለ ከረጢት የተጠቀለለ ነው። ይህ ከረጢት ዘሩ እዚያው ፍሬው ውስጥ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለው። መፍላቱ ይህንን ያሟሟዋል። ሙሉ በሙሉ የበሰለ፣ እንዲያውም መለስለስ የጀመረ ፍሬ ቁረጡ፤ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጭመቁ። ጭማቂው ካነሰ ብቻ ጥቂት ውሃ ጨምሩ፤ ውሃ ከበዛ አይፈላም፣ ዘሩ ይበቅላል። አፉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለበት አስቀምጡት። በቀን ሁለት ጊዜ አማስሉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ላዩ ነጭ ሽፋን ያበጃል፣ ይሸታል፣ አረፋ ይወጣል። ይህ የሚፈለገው ሻጋታ ነው። ጥቂት ዘር በጣታችሁ አሹ፦ የማያሙለጨልጭ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ፤ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነጭ የሥር ጫፍ የሚያወጣ ዘር ታያላችሁ፤ እርሱ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው።

ውሃ ሞልታችሁ በጥብጡት። ደህናው ዘር ይዘቅጣል፤ ባዶው፣ ሥጋውና ሻጋታው ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈውን አፍስሱ። ውሃው ጥርት እስኪል አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙ፤ መጨረሻ በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልሉ። ወንፊቱን ከሥሩ በጨርቅ ጥረጉት፤ የሚቀረው ውሃ ያን ያህል ያንሳል።

ገዳዩ ሻጋታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናንተ ዘንድ የሆነው ከሁለት አንዱ ይመስለኛል፦ ዘሩ ተከምሮ ደርቋል፣ ወይም ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሳለ ጠርሙስ ተከድኖበታል። በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ሳህን ላይ ሳይደራረብ አስጡት። ለስላሳ ወረቀት ላይ አታድርጉት፤ ይጣበቅና ከወረቀቱ ጋር ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን በየጥቂት ሰዓቱ በጣት አላቁት። ምድጃ፣ የጋለ መስኮት፣ የቀትር ፀሐይ አይሁን፤ ከ35 ዲግሪ በላይ የሞቀ እርጥብ ዘር ይጎዳል። በጥላ፣ አየር በሚዘዋወርበት፣ ቢቻል ማራገቢያ ከሩቅ እየነፋለት አንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

በሥልጠናው ዕለት አንድ ችግር አለ፦ መፍላቱ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ሰዎቹ መጨረሻውን አያዩም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አራት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ አንዱ የዛሬ፣ አንዱ የሦስት ቀን፣ አንዱ ሆን ተብሎ ሳምንት የቆየና የበቀለ፣ አንዱ የታጠበና የደረቀ። የበቀለውን ባዩበት ዓይን ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም። 24ቱን በ6 ቡድን ክፈሉ፤ ለየቡድኑ 1 ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ሳህንና ጽሑፉ በውሃ የማይለቅ እስክሪብቶ ይብቃ። የዝርያው ስም ከብርጭቆው ጋር ተጣብቆ ይሂድ፤ ስም የሚጠፋው ሁልጊዜ ከብርጭቆ ወደ ሳህን ሲገለበጥ ነው።

ጊዜ ከተረፈ የሙቅ ውሃ ሕክምናን አሳዩ። የቲማቲምና የጎመን ዘር ላይ ያለ ባክቴሪያን በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ25 ደቂቃ ማቆየት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ዘሩን ላላ ባለ የጨርቅ ከረጢት አድርጉት፤ ቴርሞሜትሩ ትክክለኛ ይሁን፤ ሙቀቱ ቢያንስ ሥራው ከንቱ ሊሆን፣ ቢበልጥ ዘሩ ሊጎዳ ይችላል። ሲያልቅ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱትና አድርቁት። ለቦሎቄ፣ ለአተርና ለዱባ ዘር አይሆንም። ያረጀ ዘርም አይችለውም።

ወቅቱን በሁለቱም ጫፍ መግፋት

ከፊት በኩል የምታተርፉት ችግኝ በማፍላት ነው፦ ቲማቲምና ቃሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሰላጣ 4 ሳምንት አስቀድሞ ከሽፋን ሥር ይዘራል። ለመሸፈን 1.2 ሜትር ስፋት ላለው መደብ ቀላሉ ነገር ዝቅ ያለ የላስቲክ ዋሻ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 10 ቁጥር ቶንዲኖ በመደቡ ግራና ቀኝ በየሜትሩ ግማሹ ድረስ አፈር ውስጥ ምቱት፤ 1.9 ሜትር የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በሁለቱ ላይ ሰክታችሁ አጉብጡት። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ላስቲኩ 2.5 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በአፈር ወይም በአሸዋ ከረጢት ይያዛል። ለዘር የቆመ ሰላጣ ግን አገዳው አንድ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል እዚህ ሥር አይገባም፤ ለእርሱ 2.9 ሜትር ቧንቧ ብታጎብጡ ቁመቱ ወደ 1.2 ሜትር ይደርሳል። ያን ያህል ሲረዝም ነፋስ ስለሚጥለው ጫፍ ለጫፍ አንድ ቧንቧ ከላይ አግድም እሰሩበት።

ላስቲክ ቀን ያሞቃል እንጂ ሌሊት ብዙ አይጠብቅም፤ ነጠላ ላስቲክ ሙቀቱን ቶሎ ያመልጠዋል፣ ትርፉ አንድ ሁለት ዲግሪ ነው። ያልተሸመነው ነጭ ቀላል ጨርቅ ይሻላል፦ በካሬ ሜትር 17 ግራም የሚመዝነው አንድ ሁለት ዲግሪ፣ 30 ግራሙ ሁለት ሦስት ዲግሪ፣ 50 ግራሙ ከዚያ ይበልጥ ያተርፋል፤ ግን በከበደ ቁጥር ብርሃን ይቀንሳል። ጨርቁን ከውስጥ፣ ላስቲኩን ከውጭ ማድረግ ከሁለቱም ብቻቸውን ይበልጣል። ቅጠል ላስቲኩን ከነካ በነካበት ቦታ ይቃጠላል።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሽፋኑ ያንን ያዘገያል። ስለዚህ ማታ ከበረደ በኋላ መሸፈን ትርፉ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሸፈን። አፈሩ ቀን ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ሲነጋ ደግሞ መክፈት አይረሳ! ፀሐይ ያረፈበት የተዘጋ ላስቲክ ከውጭው 20 ዲግሪ በልጦ ሊግል ይችላል። ለሰላጣ ውስጡ 18 ዲግሪ ሲደርስ፣ ለቲማቲም 24 ሲደርስ ጎኑን ግለጡ። ቲማቲም ከ32 ዲግሪ በላይ ብናኙ ስለሚበላሽ አበባው ይረግፋል። ከጋራ አትክልት ቦታ የሚሞተው ብዙ ተክል በብርድ ሳይሆን «ዛሬ መክፈት የማን ተራ ነበር?» በሚል ነው፤ የተራ ሰሌዳ በሩ ላይ ይለጠፍ።

ሽፋን የገባው ዝኩኒ ንብ አያገኝም፤ ወይ በአበባ ጊዜ ይገለጥ፣ ወይ በእጅ ይዳቀል። ይኸው ጉዳት ለቃሪያ ጥቅም ይሆናል፦ አበባው ከመከፈቱ በፊት ሦስት አራት ተክል በስስ መረብ ወይም በዚያው ቀላል ጨርቅ እስከ መሬት ከተሸፈነ ንብ አይገባም፣ ተክሉም ራሱን ያዳቅላል። በቀን አንድ ጊዜ ግንዱን ነቅነቅ አድርጉት። አምስት ስድስት ፍሬ ሲይዝ ክር እሰሩባቸውና መረቡን አንሡ። የዘሩ ፍሬ መቅላት አለበት፤ አረንጓዴ ቃሪያ ዘሩ አልበሰለም።

ከኋላ ጫፍ ላይ ከውርጭ ያላነሰ ጠላት ዝናብ ነው። የደረሰ የቦሎቄ ቆባ ከተደጋጋመ ዝናብ በኋላ ውስጡ ይበቅላል፤ የሰላጣ ዘርም ይሻግታል። ለዚህ ጎኑ የተከፈተ፣ ጣሪያው ብቻ የተሸፈነ ዋሻ ይበቃል። ውርጭ ሊመጣ ነው ከተባለና ዘሩ ካልደረሰ ደግሞ ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አየር ባለበት ጣሪያ ሥር ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ቢጫ መሆን የጀመረ ቆባ እየደረቀ ዘሩን ይጨርሳል፤ አረንጓዴው ግን አይጨርስም። ቲማቲምም መልኩ መለወጥ ከጀመረ ቤት ውስጥ ቀልቶ ደህና ዘር ይሰጣል። ብርድ የሚገድለው ውሃ ያለበትን ዘር ነው፤ የደረቀውን አይነካም።

ከምድር ወገብ የራቃችሁ ከሆነ ሽፋን የማያልፈው አንድ ድንበር አለ፦ የቀን ብርሃን ከ10 ሰዓት ሲያንስ እድገት ይቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ተክሉ ሦስት አራተኛውን ማደግ አለበት፤ ሽፋኑ ያቆየዋል እንጂ አያሳድገውም። በተቃራኒው ጫፍ፣ በሙቀት ወቅት፣ የሰላጣ ዘር ከ27 ዲግሪ በላይ በሞቀ አፈር ስለማይበቅል ምሽት ዝሩት፣ ግማሹን ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ አድርጉለት።

አራተኛው ዙር፦ ማጥራት፣ ማስቀመጥ፣ ማካፈል

ቦሎቄና አተር ከረጢት ውስጥ ተደርጎ በዱላ ይወቃል፤ ሰላጣ ላባ መሳዩ ነጭ ጸጉር ሲወጣ አገዳው ባልዲ ውስጥ ይራገፋል፤ አንድ ላይ ስለማይደርስ በየሦስት ቀኑ ይደጋገም። ማንፈሱ በቀላል ነፋስ ወይም በማራገቢያ ነው። የሰላጣ ዘርና እብቁ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ለራስ የሚዘራ ከሆነ ጥቂት እብቅ ጉዳት የለውም።

ዘሩ መድረቁን እንዲህ እወቁ፦ የቦሎቄ ፍሬ በመዶሻ ሲመታ መሰባበር እንጂ መጠፍጠፍ የለበትም፤ የዱባ ዘር ሲታጠፍ ጧ ብሎ ይሰበር። ከጥርጣሬ ለመውጣት ከዘሩ ክብደት ጋር እኩል ከሆነ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር መሳይ ነገር) ጋር በታሸገ ማሰሮ አንድ ሳምንት ያቆዩትና ጄሉን ያወጡታል። ሃሪንግተን በተባለ የዘር ተመራማሪ ስም የሚጠራ ግምታዊ ደንብ አለ፦ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ የማስቀመጫው ሙቀትም በ5 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። በኖርዌይ ስቫልባርድ በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ ዘሩን የሚያስቀምጠው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ የቤት ፍሪዘርም ያው ነው። ልዩነቱ ዘሩ አስቀድሞ በደንብ መድረቁ ላይ ነው። ፍሪዘር የገባ እርጥብ ዘር ይሞታል።

ቦሎቄና አተር ለነቀዝ ሲባል ፍሪዘር ይግባ፤ የነቀዙ እንቁላል መስክ ላይ ሳለ ነው የሚገባበት። በደንብ የደረቀውን በታሸገ ማሰሮ አንድ ሳምንት አቆዩ። ስታወጡ ማሰሮው ሳይከፈት እስከ ማግሥቱ ይሙቅ፤ ካልሆነ ከአየሩ ጤዛ ይወርድበታል።

ሽንኩርት ከአንድ ሁለት ዓመት አያልፍም፤ ቃሪያና በቆሎ ሁለት ሦስት፤ ቦሎቄና አተር ሦስት፤ ሰላጣ ከሦስት እስከ አምስት፤ ቲማቲም፣ ጎመንና ዱባ አምስት ገደማ። ይህ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ነው። ከማከፋፈላችሁ በፊት የብቅለት ሙከራ አድርጉ፦ 50 ዘር በረጠበና በተጨመቀ ወረቀት ጠቅልላችሁ ላላ ባለ ፕላስቲክ ከረጢት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ውስጥ አስቀምጡ፤ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ቁጠሩ። 10 ዘር ብቻ መሞከር ያሳስታል፤ የአንዱ መሞት 10 በመቶ ያህል ያዛባል። ከ40 በላይ ከበቀለ እንደ ልባችሁ አካፍሉ። ከ25 እስከ 40 ከሆነ ወፈር ተደርጎ እንዲዘራ ጻፉበት። ከዚያ በታች ከሆነ ለሰው አትስጡ፤ ያለውን ሁሉ ዘርታችሁ አድሱት።

አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ያህል ስለሚሆን ለ24 ሰው 20 ዘር መስጠት ከሁለት ግራም አያልፍም። ሲታደል ደግሞ የትኛውም ዝርያ ተጠርጎ አይሰጥ፤ ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት በጋራ ማሰሮ ይቅር፤ አንድ መጥፎ ወቅት ሁሉንም መደብ ቢመታ መጠባበቂያው ያ ነው። ፓኬቱ ላይ የዝርያው ስም፣ የተሰበሰበበት ዓመት፣ ከስንት ተክል እንደተወሰደና የብቅለት ውጤቱ ይጻፍ።

አሁን እጃችሁ ላይ ስላለው፦ የዝኩኒው ዘር እንዳልኩት ይጣል፤ ብስባሽ ውስጥ ከገባ ስለሚበቅል ይቃጠል ወይም ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። የሻገተው የቲማቲም ዘር በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ አይድንም፤ ላዩ ብቻ ከሆነ 50 ዘር ቆጥራችሁ ሞክሩት፤ ውጤቱ ቢያምርም ለዚህ ዓመት ብቻ ዝሩት፣ አታስቀምጡት። የሰላጣውን ከውርጭ በኋላ የተሰበሰበ ዘር ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ጠጣር ከሆነ አንድ ቁንጥር በእርጥብ ወረቀት ላይ ፈትሹ፤ በ4 ቀን ውስጥ ይነግራችኋል።